ለቀድሞ ወታደሮች የሚሆን የአትክልት ቦታ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎንደር ውስጥ በአንድ ግቢ ጓሮ ለስድስት የቀድሞ ወታደሮች የአትክልት ቦታ ላዘጋጅ ስነሳ የማስበው ስለ አፈሩ ብቻ ነበር። የተማርሁት ግብርና ነው፤ መደብ ማውጣትና ችግኝ ማፍላት አያቅተኝም። ከስድስቱ አራቱ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቤታቸው የተመለሱ ናቸው፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ የዘመቱ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሚመጡት ሁለት ብቻ ሆኑ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሁለተኛው ሙከራ፣ እነሱ ራሳቸው እያረሙኝ የሠራሁትን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የአትክልት ሥራ ሰውነትን ያፍታታል፣ ለእንቅልፍ ይረዳል፣ ቤት የዋለን ሰው ከሰው ያገናኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታሎች ለቁስለኞች ማገገሚያ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ሕክምናን ግን አይተካም። ቅዠት የሚያሰቃየው፣ መጠጥ ያበዛ ወይም መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አድርሱት። ጓሮው ከዚያ ጎን ለጎን ይቀጥላል።

ቦታ መምረጥ

ፀሐይና ውሃ እንደሚያስፈልግ ማንም ያውቃል። እኔ ያላሰብሁት በሩን ነው። የመጀመሪያዎቹን መደቦች ያወጣሁት ፀሐይ በሚበዛበት ጥግ ላይ ነበር፤ እዚያ ለመኮትኮት ያጎነበሰ ሰው ጀርባውን ለመግቢያው ይሰጣል። አንድ ሃምሳ አለቃ በየደቂቃው ቀና እያሉ ዞረው ያያሉ። ወገባቸውን ያመማቸው መስሎኝ በርጩማ አመጣሁላቸው። “ልጄ፣ ወገቤ ደኅና ነው። ከዚህ ሆኜ በሩ አይታየኝም” አሉኝ።

ስለዚህ ግንቡ ከጀርባ፣ በሩ ከፊት ይሁን። ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት መደብ ሊወጣበት በታሰበው ቦታ ሁሉ ቁጢጥ ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያም ይበልጥ የሚሻለው ሰዎቹን ራሳቸውን ወስዶ “የቱ ጋ ይመችዎታል?” ብሎ መጠየቅ ነው። ፀሐይዋ ትንሽ ብታንስ ቆስጣ ይችለዋል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ክፉኛ የተሳሳትሁትም እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ስለሆነ የመደቦቹን ጠርዝ በአሮጌ ቆርቆሮ ከለልሁት። ዶማ በነካው ቁጥር ይጮሃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ አንዱን ቆርቆሮ ነቅሎ ድንጋይ ላይ ጣለው። ሁለት ሰዎች መደቦቹ መካከል በደረታቸው ተኙ። አንደኛው ተነሥተው የኮታቸውን አቧራ አራገፉ፤ ማንንም ሳያዩ ወጥተው ሄዱ፤ ለአንድ ወር አልተመለሱም። ከድንጋጤው ይልቅ ሰው ፊት መደንገጣቸው ነበር የጎዳቸው። ቆርቆሮውን በሙሉ ነቅዬ በድንጋይ ካብ ተካሁት፤ ድንጋይ እንደሆነ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። በተውሶ ያመጣሁትን የውሃ መሳቢያ ሞተርም መለስሁት። ሞተር ሲጮህ የሚመጣ ሰው ኮቴ አይሰማም፤ ኮቴ ሳይሰማ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ተረጋግተው አይሠሩም።

መደቡና አፈሩ

ካቡን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይሠራበታል። ወርዱ ከሁለቱም በኩል እጅ እንዲደርስ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፤ በመደቦቹ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር መተላለፊያ ተዉ። የእኛው ዋልካ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅላችሁ አለስልሱት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላልና ሦስት ወር ያህል ተከምሮ ይብሰል። የከብት እዳሪ ኩበት ሆኖ በሚነድበት ከተማ ፍግ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ።

ምን ይተከል?

መጀመሪያ የተከልሁት ነጭ ሽንኩርት ነበር፤ ዋጋ ያወጣል ብዬ። እስኪደርስ አራት አምስት ወር ይፈልጋል፤ የሚታይ ነገር የለውም፤ ሰዎቹም ተሰላቹ። አሁን የምጀምረው በሰላጣና በቆስጣ ነው። ዘሩ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ቤት የሚወሰድ ቅጠል አለ። ነጭ ሽንኩርቱ በዳር ይተከል።

በመግቢያው በኩል በሶብላ፣ ናናና ጤና አዳም ትከሉ፤ ሲያልፉ ልብስ ይነካቸውና ይሸታሉ። የጤና አዳም ጭማቂ ግን ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚያቆስል፣ ለቡና የሚቆረጠው አመሻሽ ላይ ወይም ጓንት አድርጎና እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሶ ይሁን።

መሣሪያ

ቀላል መኮትኮቻ፣ አንድ አካፋ፣ ሌላ አያስፈልግም። ገበያ ላይ የሚሸጠው የላስቲክ ማጠጫ አንገቱ ቶሎ ይሰበራል፤ የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን ክዳኑን በምስማር በስታችሁ ተጠቀሙ። አንድ እጅ ያለው ሰውም ያነሳዋል።

ሥራ አከፋፈል

መጀመሪያ ደብተር ይዤ ስም እየጠራሁ ሥራ አከፋፍል ነበር። የሃምሳ አለቃውን ስም ስጠራ “አቤት!” ብለው እግራቸውን ገጥመው ቆሙ። የልጃቸው እኩያ ነኝ። ደብተሩን ከዚያች ቀን ወዲህ አላወጣሁትም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መደብ ስጡት፤ ምን እንደሚዘራበት፣ መቼ እንደሚያርመው፣ ምርቱን ለማን እንደሚሰጥ እሱ ይወስን። አንደኛው መደባቸውን በሙሉ ጌሾ ተከሉበት፤ ዝም አልሁ።

ጥር ሲመጣ

የሰርግ ወር ነው፤ ተኩስ አይቀርም። ጎረቤቶችን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰርግ ካለ በዋዜማው ለሁሉም ንገሯቸው። የሚቀር ይቀራል፤ የሚመጣም አውቆ ይመጣል። ያልታሰበ ተኩስና ተነግሮ የተጠበቀ ተኩስ ለእነሱ አንድ አይደሉም።

ቁልፍ

የጓሮውን በር ቁልፍ ለእያንዳንዳቸው አስቀርጹላቸው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከፍቶ ሊገባ ይችላልና የግቢው ዘበኛ ይህን ይወቅ፤ ባትሪም አያብራበት። ቧንቧ በዚያ ሰዓት ስለሚንጫጫና ጎረቤት ስለሚቀሰቅስ ጀሪካኖቹን ከማታው ሞልታችሁ ከመደቦቹ አጠገብ ደርድሯቸው።