ፎንት አይደለም፣ ዚፕ ነው

ደብረ ብርሃን ያለችው የጽሕፈትና ኮፒ ቤታችን ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ደጋግሞ የሚለን «ፊደሉ ተበላሸብኝ፣ ፓወር ግዕዝ ጫኑልኝ» ነው። ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ የእድር ጸሐፊም የአባላቱን መዝገብ ይዘው እንዲሁ አሉን። ሦስት ፎንት አስጭነው ነበር።

ምልክት፦ ፋይሉ በኖትፓድ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይታያል።

የፎንት ችግር ቢሆን ባዶ ሳጥኖች ወይም የተሳሳቱ ፊደላት ይደረደራሉ፤ ቁጥሮቹ፣ የቃላቱ ክፍተትና መስመሮቹ ግን በቦታቸው ይቀራሉ። መስመሩም ቁጥሩም ከጠፋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ይመልከቱ። «ፒ» እና «ኬ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ካሉ ፋይሉ ዚፕ፣ ማለትም ፋይሎች ተጨምቀው የታሸጉበት ጥቅል ነው፤ ቅርጹን የፈጠረው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ናቸው። የዎርድ ዶክክስ ፋይልም ውስጡ ዚፕ ስለሆነ በኖትፓድ ሲከፈት ያው ነው።

መፍትሄው፦ ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት። ዶክክስ ከሆነ በዎርድ ይክፈቱት። ዚፕ ከሆነ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኤክስትራክት ኦል» ይበሉ፣ የወጣውን ፋይል ያርሙ፣ ከዚያ መልሰው ይጭመቁት።

ሴቭ አያድርጉ የምለው አጥብቄ ነው። ኖትፓድ የሚያውቀው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያልገባውን ባይት በሌላ ሊተካው ይችላል፤ በተጨመቀ ፋይል ደግሞ አንድ ባይት ሲለወጥ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ሊፈርስ ይችላል። ዚፕም ጂዚፕም (ሊኑክስ ላይ የተለመደው ሌላ የመጭመቂያ ቅርጽ) ማረጋገጫ ቁጥር ይይዛሉ፤ ሲፈቱት «ሲአርሲ ኤረር» የሚለው ቁጥሩ አልገጥም ሲል ነው። ቁጥሩ መበላሸቱን ይናገራል እንጂ አይጠግንም። ያኔ ጥገና ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ መጀመሪያ የተላከውን ቅጂ ኢሜይል፣ ቴሌግራም ወይም ሌላ ፍላሽ ላይ ይፈልጉ።

ምልክት፦ ዚፑ ውስጥ እንዳለ ከፍተው አረሙ፤ ሲመለሱ እርማቱ የለም።

ዊንዶውስ የከፈተልዎ ጊዜያዊ ቅጂ ነው፤ የጻፉበት ወደ ዚፑ አይመለስም። ሳያወጡ ማረም ከፈለጉ ሰቨን ዚፕ በሚባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ይክፈቱት። አርመው ሴቭ አድርገው አርታዒውን ሲዘጉ «ማህደሩ ይታደስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ይበሉ። የሰቨን ዚፕን መስኮት ግን ከአርታዒው ቀድመው እንዳይዘጉት።

ምልክት፦ ሊኑክስ ላይ ቪም የሚባለው የጽሑፍ አርታዒ የጂዚፕ ፋይል አያነብም።

ቪም ጂዚፕን ራሱ ፈትቶ ሲያስቀምጡ መልሶ ይጨምቃል፤ ኢማክስ የሚባለው ሌላ አርታዒም እንዲሁ። እምቢ ካለ የተጫነው ትንሹ ቪም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይህን የሚሠራውን ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) አይቀበልም። ሙሉውን ይጫኑ።

የእድሩ ጸሐፊ ሴቭ አድርገው ነበርና በፍላሹ ያለው መዝገብ አልተረፈም። ለእድሩ ሊቀመንበር በቴሌግራም የላኩትን ቅጂ አውርደን ፈታነው። የአባላቱ ስም አንድም አዲስ ፎንት ሳንጭን ተነበበ።