ጎበዝ ሠራተኛ የሚያሳጡ ስህተቶች፦ በርንአውትን ቀድሞ ለማየት

ጎበዝ የተባለ ሠራተኛ ድንገት መልቀቂያ ሲያስገባ አለቃው ብዙ ጊዜ «ምንም አላለኝም እኮ!» ይላል። በአፉ አላለም ይሆናል እንጂ በሁኔታው ከተናገረ ወራት አልፈዋል። በርንአውት፣ ማለትም ከቆየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ መሟጠጥ፣ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ቀስ እያለ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ነው ሰውን የሚጨርሰው። ስለዚህ ሰው የምትመሩ ሁሉ፣ ሁለት ሠራተኛም ይኑራችሁ ሁለት መቶ፣ እነዚህን ስህተቶች ልብ በሏቸው።

«ድካም ነው፣ ያልፍለታል» ማለት

የደከመ ሰው ሁለት ቀን ጥሩ ከተኛ ይነቃቃል። በርንአውት የያዘው ግን አርፎም አያርፍም፤ ገና እሁድ ከሰዓት ሰኞን ሲያስብ ይጨንቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ ነገሩን በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ፣ ከቆየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። መገለጫዎቹም ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን በክፉ ዓይን ማየት፣ እና የውጤታማነት መውረድ። አብዛኞቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፊቱ የገረጣ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው እስክናይ እንጠብቃለን።

ለውጡን እንደ ጠባይ ብልሽት መቁጠር

ስብሰባ ላይ «ይህን ለምን በሌላ መንገድ አንሞክረውም?» ትል የነበረች ልጅ አሁን «እሺ» ብቻ ብላ ማስታወሻዋን ትዘጋለች። ድሮ ለአንድ ኢሜይል ሦስት አንቀጽ ጽፋ የምታብራራው ልጅ «ደርሶኛል» ብላ ታበቃለች። ሪፖርቱን ልካ ሠንጠረዡን ማያያዝ ትረሳለች። ሲነግሯት ደግሞ ትነጫነጫለች። ይህን ያየ አለቃ «ናቀችን» ብሎ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ይቸኩላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ሰውን ከጎኑ ካለው ጋር ሳይሆን ከራሱ ከቀድሞው ጋር አስተያዩት። ሁሌም ዝምተኛ የነበረ ሰው ዝም ቢል ምንም አይደለም፤ ተጫዋቹ ዝም ሲል ግን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሥራውን ሁሉ ጎበዙ ላይ መቆለል

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «ለእሱ ስጠው፣ እሱ ይጨርሰዋል» ይባላል። ይጨርሰዋልም፤ ከዚያ ሌላ ይጨመርበታል። አንድ ባልደረባ ሲለቅ ሥራው «ለጊዜው» ተብሎ እሱ ላይ ይደረባል፣ ቅጥሩ ይዘገያል፣ ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል፣ ይህ ሰው አሁን ስንት ነገር ተሸክሟል ብሎ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ግን የለም። እሱም ሥራውን ስለሚወድ እምቢ አይልም።

ጉዳቱ ደግሞ መንፈስ ላይ ብቻ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ገደማ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ምን ይደረግ? ወረቀት አውጡ። ከሠራተኛው ጋር ሆናችሁ በእጁ ያለውን ሁሉ ጻፉት፤ በየትኛውም ዕቅድ ላይ የማይገባውን፣ አዲስ ሰው ማሠልጠኑን፣ ስልክ መመለሱን፣ የሌላውን ስህተት ማረሙን ሳይቀር። ከዚያ አዲስ ሥራ በሰጣችሁ ቁጥር «የትኛው ይቅር? የትኛው ይቆይ?» ብላችሁ እናንተው ወስኑ። ለእሱ አትተዉት፤ «ሁሉንም እችላለሁ» ነው የሚላችሁ።

በስልጠና ለመሸፈን መሞከር

የጭንቀት አያያዝ ስልጠና፣ የዮጋ ሰዓት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማበረታቻ። መጥፎ አይደሉም። ግን ሰውየው ከስልጠናው የሚመለሰው እዚያው የሥራ ክምር ላይ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? በርንአውትን ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ከማይክል ላይተር ጋር ሆነው ስድስት ነገሮችን ያነሳሉ፦ የሥራ ጫና፣ በሥራ ላይ የመወሰን ነፃነት፣ ክፍያና ምስጋና፣ ከባልደረባ ጋር ያለ ግንኙነት፣ ፍትሐዊነት፣ እሴት። ስድስቱም የሥራ ቦታው ጉዳዮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አለቆች በጣም አቅልለው የሚያዩት ፍትሐዊነትን ይመስለኛል። ሰው ከባድ ሥራ ይችላል፤ የለፋበት ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲቀርብ ግን ቅስሙ ይሰበራል።

ፈቃድ ሰጥቶ ስልክ መደወል

«አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት» ብላችሁ የደወላችሁ ቀን ፈቃዱ አልቋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል ስለመራቅ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ አዛለች። እናንተ ሕግ እስኪወጣ አትጠብቁ። ተተኪ መድቡ፣ አትደውሉ።

«እንዴት ነህ?» ብሎ ማለፍ

ኮሪደር ላይ ለሚጠየቅ ሰላምታ የሁሉም ሰው መልስ «ደህና» ነው። በር ዘግታችሁ፣ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ፣ «ሰሞኑን በጣም የከበደህ የቱ ነው? ምን ላቅልልህ?» በሉት። ሲነግራችሁ አትከራከሩት፣ «እኛማ ድሮ…» አትበሉት። ከሰማችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ቀይሩ። ጠይቆ ምንም አለማድረግ ካለመጠየቅ ይብሳል፤ ሁለተኛ አይነግራችሁም። መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ ግን በምክር ልትይዙት አትሞክሩ። ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ባለሙያ ጋር እንዲደርስ እርዱት፣ እስከዚያም ብቻውን አትተዉት።

የተመለሰውን ሰው በመጀመሪያው ቀን መጫን

አርፎ ሲመለስ ደስ ይለንና ያለውን ሁሉ እናስረክበዋለን። የጎዳው ሥራ እንዳለ ከጠበቀው ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይገኛል። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት የትኛው ሥራ በቋሚነት ወደ ሌላ ሰው እንደሚሄድ ወስኑ፣ እሱ እንዳይሸማቀቅም ለባልደረቦቹ እናንተው አስረዱ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስብሰባ ቀንሱለት፤ የተጠራቀመውን ኢሜይል ደግሞ ሌላ ሰው አጣርቶ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ያሳየው።