ከምትወዱት ታሪክ ተነስታችሁ የራሳችሁን ታሪክ እንዴት ትጽፋላችሁ?

ፋንፊክሽን፣ ማለትም አድናቂ የሚወደውን ታሪክ ገጸ ባሕሪና ዓለም ይዞ የሚጽፈው አዲስ ታሪክ፣ ለጀማሪ ደራሲ ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ የተሻለው ነው። ብዙ ሰው እንደ ዋዛ ያየዋል፤ «የሰው ታሪክ ወስዶ መጫወት» ይለዋል። በዚህ አልስማማም። ገጸ ባሕሪው ተሠርቶ፣ መቼቱ ተሰናድቶ ስለሚጠብቃችሁ ሙሉ ትኩረታችሁ ትዕይንት መሥራት ላይ ይሆናል። በዚያ ላይ አንባቢው ገጸ ባሕሪውን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። አንዲት የማይመስለውን ቃል ካስወራችሁት ወዲያው ይነቃባችኋል። እንዲህ ያለ ጥብቅ አንባቢ ደግሞ በነፃ አይገኝም።

1. ክፍተት ፈልጉ

አብዛኛው ሰው «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ይጀምራል። «ምን ሳይነገር ቀረ?» ብላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል። አንድ ነገር ሳይነግረን የማያልፍ ታሪክ የለም። እናትየው መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳትም። አንድ ሰው በር ከፍቶ ጀግናውን አሳለፈው፤ ለምን ከፈተለት?

ደራሲው ኮናን ዶይል ዝነኛ መርማሪ ገጸ ባሕሪውን ሼርሎክ ሆምስን በ1893 ገደለው፤ በ1903 ደግሞ መለሰው። በታሪኩ ውስጥ ሆምስ የጠፋው ከ1891 እስከ 1894 ነው። የት እንደከረመ ሲጠየቅ ቲቤት፣ ፋርስ፣ መካ፣ ካርቱም ነበርኩ ብሎ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። አድናቂዎች ይህንን ቀዳዳ እስከ ዛሬ እየጻፉበት ነው። ደራሲዋ ጂን ሪስም የያዘችው መንገድ ይኸው ነው። በ1847 በታተመው የሻርሎት ብሮንቴ ልቦለድ «ጄን ኤር» ውስጥ አንዲት ሴት ከላይኛው ፎቅ ተቆልፎባት ትኖራለች። እብድ ናት ይሉናል፤ ከእሷ አንደበት ግን ታሪኳን አንሰማም። ሪስ በ1966 ባወጣችው ልቦለድ የዚህችን ሴት ልጅነትና ትዳር ጻፈች። ዛሬ ያ መጽሐፍ ራሱን ችሎ የቆመ ትልቅ ሥራ ነው።

አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም የሚከነክናችሁን ክፍተት ምረጡ። ትንሽ ይሁን። ጦርነቱን በሙሉ በጠላት ወገን ዓይን ልጻፍ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ይቀራል። አንድ ሌሊት፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው ለመጀመሪያ በቂ ነው።

2. እስክሪብቶ ይዛችሁ እንደገና አንብቡ

ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሦስት ነገር ጻፉ። ማን ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን ተለወጠ? ሌላ አያስፈልግም።

ወሳኙ ሦስተኛው ነው። አርስቶትል ስለ ድራማ በጻፈው መጽሐፉ ሁለት ለውጦችን ለይቶ ያነሳል፦ የሰውዬው ዕድል ሲገለበጥና ያላወቀውን ነገር ሲያውቅ። ምርጡ ማወቅ ከመገልበጡ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው ይላል። ይህ ዛሬም ይሠራል። በዝርዝራችሁ ላይ ሁለቱ የተገጣጠሙበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ልባችሁን የመታው ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። ምንም ያልተለወጠበት ትዕይንት ካገኛችሁም ቆም በሉ። ደራሲው አንባቢውን ሊያሳርፍ አስቦ ይሆናል፣ ወይም ትዕይንቱ በቃ ደካማ ነው። የምትወዱት ሥራ ድክመት ቢኖረው መውደዳችሁ አይቀንስም፤ የእናንተ ታሪክ የሚገባበት ቦታም ምናልባት እዚያ ነው።

ለዚህ ሥራ ተብለው የሚሸጡ ሶፍትዌሮች አሉ። እኔ ደብተር ይበቃል ባይ ነኝ። ካርድ በቀለም በቀለም ሲደረድሩ መዋል የሠሩ ያስመስላል እንጂ አንድ መስመር አያስጽፍም።

3. ድምፁን ያዙ

ብዙ ፋንፊክሽን የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሴራው ጥሩ ነው፣ ቋንቋው ያምራል፣ ገጸ ባሕሪው ግን ስሙ ብቻ ቀርቶ ሌላ ሰው ሆኗል።

በየቦታው የሚገኘውን «የገጸ ባሕሪ ቅጽ» አትሙሉ። የሚወደው ቀለም፣ የተወለደበት ወር፣ የሚፈራው እንስሳ። ይህ ሁሉ ተሞልቶ ሰውዬው ሲቆጣ ምን እንደሚል አታውቁም። ይልቅ ከመጀመሪያው ሥራ ላይ እሱ የተናገረውን ሁሉ፣ ትረካውን ትታችሁ፣ በእጃችሁ ገልብጡት። ፎቶ ማንሳት ወይም ኮፒ ማድረግ አይተካውም፤ እጅ ሲጽፍ ዓይን የዘለለውን ያገኛል።

ከዚያ ዝርዝሩን መርምሩ። ስንት ቃል ይናገራል? ሲጠየቅ ይመልሳል ወይስ መልሶ ይጠይቃል? ስለ ምን ያወራል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይለው ምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው አመሰግናለሁ አይልም። አንዳንዱ የወንድሙን ስም አይጠራም። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ፦ ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» ይላል? የመጀመሪያው ሥራ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደራሲው ይህንን አልወሰነላችሁም። ወስናችሁ ጻፉት፣ አትለዋውጡት። ከተለወጠም አንባቢው የሚደነግጥበት ቦታ ላይ ይለወጥ። ለረጅም ጊዜ «እርስዎ» ሲል የኖረ ሰው በድንገት «አንተ» ካለ፣ የሁለት ገጽ ጠብ የማይሠራውን ያች አንዲት ቃል ትሠራዋለች።

ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ የጀብዱ ታሪክ አለ እንበል። ጀግናው በሌሊት ሲሸሽ የግንቡ በረኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ በር ይከፍትለታል። በሙሉ ታሪኩ ውስጥ ሽማግሌው የሚናገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው። «ማን ነህ?» «ሰዓቱ አልፏል።» «ግባ። እኔ የማውቀው በሩ ዝግ መሆኑን ነው።» ክፍተታችን በማግስቱ የሆነው ነገር ነው፤ የዘቦቹ አዛዥ ሊመረምረው ይመጣል።

ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፈዋል፦

«ጌታዬ፣ ያንን ወጣት ያሳለፍኩት የሞተውን ልጄን ስላስታወሰኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ ባዶ ነው። ፍትሕ የሌለበትን ግንብ መጠበቅ ሰልችቶኛል!»

የሚነካ ሐሳብ ነው። ግን ይህ የእኛ ሽማግሌ አይደለም። የእኛው አጭር ነው የሚናገረው፣ ስለ በርና ስለ ሰዓት ብቻ ያወራል፣ ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም፣ ደግነቱን ደንብ ውስጥ ይሸሽጋል። ያንን ዝርዝር ከፊታችን አስቀምጠን እንሞክረው፦

«ማንን አሳለፍክ?»
«በሩ ዝግ ነው ጌታዬ።»
«አሁን አላልኩህም። ሌሊት።»
«ሌሊትም ዝግ ነበር።»
«ይሄ ጭቃ ከየት መጣ ታዲያ?»
ሽማግሌው መሬቱን አየ። ከደፉ እስከ ውስጠኛው ግቢ የጫማ ዱካ ተደርድሯል።
«እጠርገዋለሁ ጌታዬ።»

የሞተው ልጁስ የት ገባ? ሽማግሌው ስለ ልጁ አያወራም፤ ስለዚህ ልጁን በእጁ አምጡት። አዛዡ ሲሄድ ሽማግሌው መጥረጊያውን አንስቶ ይጥረግ፣ ጥግ ላይ ካለው አንድ ዱካ ሲደርስ ዘሎት ይለፍ። አንባቢው የቀረውን ይጨርሰዋል።

«ታዲያ ገጸ ባሕሪው አዲስ ነገር ማድረግ አይችልም ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። ይችላል። ፈሪው እሳት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ዝምተኛው ሊጮህ ይችላል። ግን እዚያ ያደረሰው ግፊት ደረጃ በደረጃ ይታይ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ይሞክር፣ አይሳካለት። ሁለተኛም ይሞክር። መውጫ ሲያጣ ያኔ ያድርገው።

የራሳችሁን አዲስ ገጸ ባሕሪ ስታስገቡም ተጠንቀቁ። በ1973 ፓውላ ስሚዝ የምትባል «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ድራማ አድናቂ ሜሪ ሱ የተባለች መኮንን ፈጠረች፦ ዕድሜዋ 15 ዓመት ተኩል፣ ሁሉን የምትችል፣ ሁሉ የሚወዳት። የጻፈችው በጊዜው በአድናቂ መጽሔቶች የበዛውን ልማድ ለመተቸት ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ የእንዲህ ዓይነት ገጸ ባሕሪ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኔ ችግሩ የልጅቷ ጎበዝነት አይመስለኝም። ችግሩ እሷ ስትገባ ሌሎቹ ሁሉ ራሳቸውን መሆን ማቆማቸው ነው። ኮስታራው ይስቃል፣ ብልሁ ይጃጃላል። አዲስ ሰው ካስገባችሁ የነባሮቹን ንግግር ከዝርዝራችሁ ጋር እያስተያያችሁ አረጋግጡ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከምልልሱ ላይ ስሞቹን አጥፉና ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ማን እንደተናገረ መለየት ካቃተው ሥራው አላለቀም።

4. ጻፉና አሳርፉት

እየጻፋችሁ አታርሙ። ስትጨርሱ ጥቂት ቀን ሳታዩት ይቆይ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አንቀጽ አጥፍታችሁ ታሪኩ ያለ እሱ ይቆም እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ይቆማል።

5. አስነብቡና ልቀቁት

ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ቤታ አንባቢ፣ ማለትም ረቂቁን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ ሰው፣ ፈልጉ። «እንዴት ነው?» አትበሉት፤ «አሪፍ ነው» ብሎ ይገላግላችኋል። «የት ጋ ሰለቸህ? የት ጋ እሱ እንዲህ አይልም አልክ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ስትለቁ ከየትኛው ሥራ እንደተነሳችሁ፣ መጨረሻውን የሚያሳብቅ ነገር ካለና ከባድ ይዘት ካለው መግቢያው ላይ ጻፉ። አትሽጡት። ገጸ ባሕሪው በቅጂ መብት የተጠበቀ ከሆነ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። እንደ ሆምስ ያሉት ግን ነፃ ወጥተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ታሪኮቹ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ዘመናቸው ያበቃው 2023 ሲገባ ነው። እኔ የምመክረው ቦታ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የተባለው የፋንፊክሽን ድረ ገጽ ነው። ለትርፍ አልቆመም፣ ማስታወቂያ የለውም፣ በአድናቂዎች ይመራል፣ በ2019 ደግሞ ለሳይንስ ልቦለድና ለምናባዊ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። መለያ ቃላቱን በጥንቃቄ ሙሉ፤ አንባቢ የሚያገኛችሁ በእነሱ ነው።

ሁለተኛውን ስትጀምሩ ከዚያው ታሪክ ሌላ ሰው ምረጡና የንግግር ዝርዝሩን ከባዶ ጀምሩ። የበረኛው ዝርዝር ለአዛዡ አይሠራም።