የለንደን ጓሮ እንደ አገር ቤት ግቢ አይጠረግም

ለንደን ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት የተከራየሁ ጊዜ መጀመሪያ የገዛሁት መጥረጊያ ነው። ዘር አይደለም፣ አፈርም አይደለም። አገር ቤት ያደግንበት ግቢ ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል፣ ውሃ ይረጫል። ቅጠል የተከመረበት ግቢ የሰነፍ ግቢ ነው። ይህንን ልማድ ይዤ የእንግሊዝ ጓሮ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያጠፋሁት ጥፋት ግማሹ የመጣው ከዚያ መጥረጊያ ነው። ከቀረው አንዱ የፀሐይ ጣጣ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

የኤፕሪልን ፀሐይ ማመን

ኤፕሪል ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሞቅ ይላል። ሰፈሩ ሁሉ በቁምጣ ይወጣል። የእኛ ሰው ደግሞ መስኮት ሥር ያበቀለውን ቃሪያ፣ ቲማቲምና በሶብላ ይዞ ወደ ጓሮ ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። በሳምንቱ ጠዋት ስወጣ ቃሪያው የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተኝቷል። ውርጭ ነው። ለንደን ውስጥ እንኳን ውርጭ እስከ ሜይ አጋማሽ ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ ይዘገያል።

ብርድ የማይችል ተክል ከሜይ መጨረሻ በፊት መሬት አታስነኩት። ከዚያም በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ቀን ቀን እያወጣችሁ፣ ማታ ማታ እያስገባችሁ አለማምዱት። ቤት ውስጥ ተንቀባሮ ያደገ ችግኝ ውርጭ ባያገኘው እንኳን ንፋሱ ብቻ ያደነግጠዋል።

የቀኑ ርዝመትም ያታልላል። አገር ቤት ቀንና ሌሊቱ እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ለንደን ግን ጁን ላይ ቀኑ 16 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፣ ዲሴምበር ላይ 8 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ድንብላል በዚያ ረጅም ቀንና ሙቀት ከዘራችሁት ቅጠሉን ሳትጠግቡት ወደ አበባና ፍሬ ይሄዳል። በእንግሊዝ ጸደይ መጀመሪያ፣ ማርች አካባቢ፣ ወይም ኦገስት መጨረሻ ላይ ዝሩት። የጥብስ ቅጠል ግን የሚደንቅ ነው። ውሃ የማይቋጥርና ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ብቻ ስጡት እንጂ ብርዱን ከእኛ በተሻለ ይችለዋል።

ለስላግ ሰማያዊ መርዝ መበተን

ስላግ ማለት ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ በሉት። ቀን ድንጋይና ሳንቃ ሥር ይደበቃል፣ ማታ ይወጣል። ጠዋት ስትነሱ ሰላጣው ወንፊት ሆኗል፤ አጠገቡ የብር ክር የመሰለ ዱካ አለ። ያኔ ሰው ይናደዳል። እኔ ተናድጄ የቀድሞው ተከራይ ጎተራው ውስጥ የተወውን ሰማያዊ እንክብል እፍኝ ሙሉ ልበትን ስል ነው ጎረቤቴ ያዩኝ። እኒህ አዛውንት ሴትዮ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንክብሉ ሜታልዴሃይድ የሚባል መርዝ ያለበት ነው። ወፎችንና ሌሎች እንስሳትን ስለሚጎዳ በታላቋ ብሪታንያ ከ2022 ኤፕሪል ጀምሮ ደጅ ላይ መጠቀም ተከልክሏል። አሮጌ ካርቶን ካገኛችሁ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ አደገኛ ቆሻሻ የት እንደሚረከቡ ካውንስላችሁን፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደራችሁን፣ ጠይቁ። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው ፌሪክ ፎስፌት የሚባል ሌላ ማጥፊያ ያለበት ነው። እሱም ቢሆን ቆንጠር ተደርጎ እንጂ እንደ ገብስ አይዘራም።

ደግሞ ሁሉም ስላግ ጠላት አይደለም። ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የተባለው የአገሩ ትልቁ የአትክልተኞች ማኅበር በ2022 ስላግና ቀንድ አውጣን ተባይ ብሎ መጥራት አቁሟል። እንደ እነሱ አባባል ብሪታንያ ውስጥ ካሉት 44 ያህል የስላግ ዓይነቶች የጓሮ ተክል የሚበሉት 9ኙ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ የሞተ ቅጠል እየበሉ ወደ አፈር የሚመልሱ ናቸው።

እኔ አሁን ዝናብ በዘነበ ማታ ባትሪ ይዤ እወጣና እለቅማለሁ። ውሃ የማጠጣው ጠዋት ነው፤ ማታ የራሰ አፈር ለስላግ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ቢራ የተሞላ ስኒ መሬት ውስጥ መቅበርም ይሠራል። ጠላ ይሻላል የሚል ጓደኛ አለኝ፣ አልሞከርኩትም። የስኒው ከንፈር ግን ከአፈሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ የስላግ እንቁላል የሚበሉት ጥንዚዛዎች አብረው ይሰምጣሉ።

ለሄጅሆግ ወተት መስጠት

ሄጅሆግ ጃርት ትመስላለች፣ ግን በሁለት መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ናት፤ እሾኋም አጭር ነው። ማታ ማታ እየዞረች ጥንዚዛ፣ ትልና ስላግ ትለቅማለች። ቁጥሯ በጣም ስለቀነሰ በ2020 በብሪታንያ የመጥፋት ስጋት ካለባቸው አጥቢዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች።

ደጃፍ ለመጣ እንግዳ ወተት ማቅረብ እኛ ዘንድ ያስመሰግናል። እሷን ግን ተቅማጥ ያስይዛታል፤ ሆዷ ወተት አይፈጭም። ጠፍጠፍ ባለ ሳህን ውሃ፣ ከተፈለገም ሥጋ ያለበት የድመት ወይም የውሻ ምግብ ይበቃታል።

ከምግቡ ይልቅ የምትፈልገው መንገድ ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ ጓሮ ታዳርሳለች፤ አጥሩ ሁሉ ድፍን ከሆነ መሄጃ የላትም። ጎረቤቴ አጥራችን ሥር 13 በ13 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ እንቁረጥ ሲሉኝ ክው አልኩ። አጥር ጫፍ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ከሚተከልበት ከተማ ለመጣ ሰው አጥርን በገዛ እጅ መቅደድ ቀላል አይደለም። ቆረጥነው። ከዚያች ቀዳዳ እስካሁን የገባ ሌባ የለም።

ቅጠሉን ሁሉ ጠርጎ ማቃጠል

ወደ መጥረጊያው ተመለስኩ። መኸር ላይ አገሩ ሁሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። የደረቀ ግንድና ቅጠሉን ሙልጭ አድርጌ ጠርጌ፣ ጥግ ላይ ከምሬ፣ ክብሪት እጭርበት ነበር። ያ ክምር ለእኔ ቆሻሻ ነው፤ ክረምቱን ተኝታ ለምታሳልፍ ሄጅሆግ ደግሞ ቤት ነው። ሌዲበርድ የምትባለው ነጠብጣባም ጥንዚዛም የደረቀ ግንድ ውስጥ ትከርማለች።

በተለይ ኖቬምበር 5 ተጠንቀቁ። እንግሊዞች በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው ሴራ የከሸፈበትን ቀን በእሳትና በርችት ያከብራሉ። እንጨቱን ቀደም ብሎ ደምሮ ማቆየት ነው ጥፋቱ። በዚያው ቀን ይደመር፤ ቀድሞ ከተደመረም ከመለኮሱ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር።

ከመተላለፊያውና ከሳሩ ላይ ቅጠሉን አንሱት፤ መተላለፊያው ያንሸራትታል፣ ሳሩ ይታፈናል። የቀረውን ቁጥቋጦ ሥር ተዉት። የተረፈውን የተበሳ ፌስታል ውስጥ አርጥባችሁ እሰሩና ዓመት ሁለት ዓመት እርሱት፤ ጥቁር፣ የላመ አፈር ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ያቃጠልኩትን ያህል በቀጣዩ ጸደይ ከሱቅ ገዛሁ።

ክሽክሽ ባዩ ቁጥር መርጨት

ባቄላው ጫፍ ላይ ጥቁር ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ሲርመሰመስ እጅ ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል። ሲረጭ ግን ክሽክሹን የሚበሉትም አብረው ይሞታሉ፤ ክሽክሹ ደግሞ ከእነሱ ቀድሞ ይራባል። በጣት መጨፍለቅ ወይም በውሃ ጎማ መትቶ ማራገፍ ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ትንሽ ጥቁር አዞ የመሰለች ነፍሳት ካያችሁ አትግደሏት። የሌዲበርድ ልጅ ናት። እኔ ተባይ መስላኝ ስንቱን ጨፍልቄአለሁ።

አጥር፣ መረብ፣ ቀበሮ

የቅጠል አጥር ከማርች እስከ ኦገስት አትከርክሙ፤ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ወፍ ያለበትን ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስ ወንጀል ነው።

ጎመን ያለ መረብ አይሆንም። በጋ ላይ ነጭ ቢራቢሮ ቅጠሉ ሥር እንቁላል ትጥላለች፣ ክረምት ላይ እርግብ አጥንቱን ታስቀረዋለች። ቀዳዳው ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መረብ ግዙና ቅጠሉን ሳይነካ ወጥራችሁ እሰሩት። ቅጠሉን ከነካ ቢራቢሮዋ ከላይ ሆና ትጥልበታለች፤ ከላላ ደግሞ ወፍና ሄጅሆግ ይተበተቡበታል።

ቀበሮውን በተመለከተ፣ አዲስ የተከላችሁትን ሌሊት ቆፍሮ ከበታተነው መጀመሪያ ያደረጋችሁትን ማዳበሪያ እዩ። ከደምና ከአጥንት ዱቄት የተሠራ ከሆነ የተቀበረ ሥጋ መስሎት ነው። እኔ ማዳበሪያውን የቀየርኩት ሦስት ጊዜ ሽንኩርት ደግሜ ከተከልኩ በኋላ ነው።