የጂፕሰም ቦርድ ጠርዝ ለምን ይፈረፈራል? ችግሩና መፍትሄው

ኮዬ ፈጬ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳሎኑን ለሁለት የከፈለ የጂፕሰም ግድግዳ እንድጠግን ተጠርቼ ነበር። ቀለሙ ገና አዲስ ነው፤ ሁለቱ ቦርዶች በተገናኙበት መስመር ግን ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ስቱኮውን ፋቅ ሳደርገው የብሎኑ ራስ ወረቀቱን ዙሪያውን ቆርጦ ሰምጦ አገኘሁት። ስፈታው ነጭ ዱቄት ተከትሎት ፈሰሰ። ከጠርዙ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ቀለም ቀቢው በከንቱ ሲወቀስ ከርሟል።

ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወረቀት መካከል የረጋ ጀሶ ነው። ጀሶው ብቻውን ብሎን አይዝም፤ ቦርዱን ከጀርባው ከቆመው የእንጨት (ሞራሌ) ወይም የብረት ቋሚ ጋር አጣብቆ የሚያቆየው በብሎኑ ራስ ስር ያለው ያልተቀደደ ወረቀት ነው።

ብሎኑ ሲገባ ጠርዙ ይፈረፈራል

ብሎኑ ለጠርዙ ቀርቧል ማለት ነው። ፋብሪካው በወረቀት በሸፈነው ረጅም ጠርዝ በኩል ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር፣ በቢላ በተቆረጠው በኩል ደግሞ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ጥቂት ነው። ታዲያ ለምን ያቀርበዋል? ቋሚው ቦታውን ስለሳተ ሌላ ምርጫ አጥቶ ነው። ሁለት ቦርዶች አንድ ቋሚ ይጋራሉ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሞራሌ ላይ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሞራሌው 2 ሳንቲ ሜትር ከሸሸ ለአንደኛው ቦርድ የሚተርፈው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ የሚገባ ብሎን ጠርዙን ማፍረሱ አይቀርም።

ስለዚህ ቋሚዎቹን አንዱን ከሌላው እየተነሱ አይለኩ፤ ትንንሹ ስህተት እየተደመረ ይሄዳል። ሜትሩን ከአንድ ማዕዘን ዘርግተው 60፣ 120፣ 180 ሳንቲ ሜትር እያሉ የሁሉንም ቋሚ መሀል በአንድ ጊዜ ምልክት ያድርጉ። ቋሚው ተሳስቶ ከተገኘም ከጎኑ ሌላ ሞራሌ ደርበው ይምቱ። የአንድ ሞራሌ ዋጋ ግድግዳውን እንደገና ከማፍረስ በብዙ ይቀላል። ቦርዱ አስቀድሞ ተመቶ ከሆነ መጥፎውን ብሎን ያውጡ፤ የላላውን ወረቀትና ፍርፋሪ በቢላ ቆርጠው ያስወግዱ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብለው፣ ከጠርዙም ራቅ ብለው አዲስ ይምቱ። ጉድጓዱን በጀሶ ሞልተው ሲደርቅ በቴፕ ይሸፍኑት።

የብሎኑ ራስ ወረቀቱን በጥሶ ይሰምጣል

ድሪሉ በሙሉ ጉልበት ስለሚዞር ወይም ብሎኑ አጋድሎ ስለሚገባ ነው። የድሪሉን ጉልበት መቀነሻ ዝቅ ያድርጉ፤ ከሌለው ትንሽ ሲቀረው አቁመው በካቻቪቴ ይጨርሱ። ትክክለኛው ጥልቀት ስፓቱላ ሲያልፍበት ቀጭ የማይልበት፣ ወረቀቱ ግን ያልተበጠሰበት ነው። የበጠሰ ብሎን ስለማይዝ አጠገቡ ሌላ ይጨመርለት። ለ12 ሚሊ ሜትር ቦርድ በብረት ላይ 25፣ በእንጨት ላይ 35 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል። ግድግዳ ላይ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከቦርዱ መሀል ወደ ጠርዝ እየሄዱ ይምቱ። ሚስማርን ለጠርዝ አልመክርም፤ መዶሻው ጀሶውን ከወረቀቱ ስር ያደቀዋል።

በብረት ቋሚ ላይ አንዱ ቦርድ ከሌላው ወጣ ይላል

የብረቱ ቋሚ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። በክፍቱ በኩል ሲገፉት ይታጠፋል፤ በጀርባው በኩል ጠንካራ ነው። የመጀመሪያው ቦርድ ጠርዝ በክፍቱ በኩል ባለው ግማሽ ላይ ይረፍ፤ እሱ ከታሰረ በኋላ ብረቱ ስለማይታጠፍ ሁለተኛው በጀርባው በኩል እኩል ይገጥማል። ይህ እንዲሆን የሁሉም ቋሚ ክፍት ጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር፤ ሥራውም ክፍቱ ከሚያይበት ጫፍ ይጀመር።

ከወራት በኋላ የብሎን ራሶች ስቱኮውን ገፍተው ይወጣሉ

ቋሚው እርጥብ የባህር ዛፍ ሞራሌ ነበር ማለት ነው፤ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይጣመማል። በክረምት የተገዛ ሞራሌ ከጣሪያ ስር ተደርድሮ ሳይደርቅ ቦርድ አይመታበት። አሁን ወጥቶ ከሆነ ቦርዱን በእጅ ወደ ቋሚው ተጭነው አጠገቡ አዲስ ብሎን ይምቱ፤ አሮጌውን ከዚያ በኋላ ያውጡ።

የታችኛው ጠርዝ ያብጣል

ወለል ሲታጠብ ውሃ እየጠጣ ነው። ቦርዱን ሲያቆሙ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ከስሩ ያድርጉ፤ ከታሰረ በኋላ ቁራጩን ያውጡት፤ ክፍተቱን ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚለጠፈው ጠባብ ማልበሻ) ይሸፍነዋል።