የጀልባ ባትሪ የሚለካው ጠዋት ነው

ባለ ሸራዋ ጀልባዬ የምትቆመው አናፖሊስ፣ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ነው። በገዛኋት ሰመር ሁለት ባትሪ ገደልኩ። ሞተሩን አንድ ሰዓት አስነሳና ቴስተሩ 14.2 ቮልት ሲለኝ «ሞላ» ብዬ አጠፋለሁ። ለካ ያ ቁጥር የዲናሞው ነው፤ የባትሪው አይደለም።

ስለዚህ ቻርጅ ላይ ያለን ባትሪ ቮልት አትመኑ። መልህቅ ጥላችሁ ካደራችሁ በኋላ፣ ጠዋት ሶላሩ ፀሐይ ሳያገኝ፣ ፍሪጁንም መብራቱንም አጥፉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ለኩ። ውሃ የሚጨመርበት ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ደርሷል፤ ከዚያ በታች አታውርዱት። ባለ 100 አምፒር አወር (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ነው) ባትሪ አለኝ ማለት 50 አለኝ ማለት ነው።

ሰው የሚሳሳተው አሞላሉ መጨረሻ ላይ ነው። እስከ 80 በመቶ ገደማ ቶሎ ይገባል። የቀረችውን 20 ግን ባትሪው እየተግደረደረ ነው የሚቀበላት፤ ሰዓታት ትፈጃለች። እሷን ሁልጊዜ የሚዘል ሰው ፕሌቶቹ (ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ይጋገርበታል። ለዚህ ሞተር ማስጮህ ናፍጣ ማቃጠል ነው፤ ሶላር ወይም የወደቡ መብራት ይሻላል። ቻርጀሩ 14.4 ቮልት ላይ ይቆይ። ለባለ 100ው ባትሪ፣ የሚገባው አምፒር ወደ 2 ሲወርድ ያኔ ሞልቷል። ከዚያ በ13.5 ገደማ ይጠብቀዋል። ፋብሪካው ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእሱን ያዙ፤ ጄል ባትሪ በተለይ ዝቅ ያለ ይፈልጋል።

አምፒሩን በሞኒተር የማየው ኔጌቲቩ ላይ ባስገባሁት ሸንት፣ ማለትም የሚያልፍበትን አምፒር በሚለካ ዕቃ ነው። የሁሉም ዕቃ ኔጌቲቭ በሸንቱ በኩል ይለፍ። እኔ ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ በቀጥታ ባትሪው ላይ አስሬው፣ ሞኒተሩ ሁለት ወር ሙሉ ሲሸውደኝ ከረመ።

በወር አንዴ ክዳኖቹን ክፈቱ። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ሲጋራ የለም፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው፣ እሱም ቻርጁ ካለቀ በኋላ። ቀድማችሁ ከሞላችሁት ሲፈላ አሲዱ ይገነፍላል። ፕሌቶቹ ከተጋለጡ ግን መጀመሪያ እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምሩ። ሃይድሮሜትሩ (የአሲዱን ጥግግት የሚለካው) በስድስቱም ሴል፣ ማለትም በየክዳኑ ሥር ባለው ክፍል፣ 1.265 አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። አምስቱ ሞልተው አንዱ 1.190 ላይ ከቀረ፣ ለአዲስ ባትሪ ብር ማጠራቀም ጀምሩ።

ለብርዱ ወራት ሞልታችሁ አስቀምጡት። ባዶ ባትሪ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። እኔ ፌብሩዋሪ ላይም ቴስተሬን ይዤ እወርዳለሁ። ባለቤቴ «በሽተኛህን ልትጠይቅ ነው?» ትለኛለች። 12.4 ካለኝ፣ አዎ፣ አድሬ ነው የምመለሰው።