ግራፊክስ ካርዱ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን «ሲግናል የለም» ይላል። መጀመሪያ ዞራችሁ ከኋላው እዩት። ኬብሉ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ከተሰካ የተሰካው ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ነው እንጂ ምስሉን በሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ላይ አይደለም። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ከዚያ ቀዳዳ ምስል አይወጣም። ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካለው ደግሞ ምስሉ ይመጣና ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ጥፋቱም በካርዱ ይላከካል።

ስክሪኑ ላይ መስመርና ባለቀለም ነጠብጣብ ሲታይ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ደጋግሞ መጫን ሌላው ስህተት ነው። ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ፣ ባዮስ፣ ውስጥ ግቡ። ዊንዶውስ ገና ስላልተነሳ ድራይቨሩም አልተነሳም፤ ነጠብጣቡ እዚያም ካለ ድራይቨሩን ተዉት። የሚታየው ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ከሆነ ስክሪንሾት አንሱና በስልካችሁ ክፈቱት። ነጠብጣቡ ፎቶው ላይም ካለ ኬብል መቀየር አያድናችሁም። ፎቶው ንጹህ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ኬብሉና ወደ ሞኒተሩ ይዞራል።

ፋኑ ስላልዞረ ብቻ ካርዱ ተበላሽቷል አትበሉ። ብዙ አዳዲስ ካርዶች ሥራ ሲቀላቸው ፋናቸውን ራሳቸው ያቆማሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ኬብሉ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ቀይራችሁ የድሮውን ኬብል እዚያው አትተዉ! በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ሁሉም ጋ አንድ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን የጋራ ደረጃ የለውም፤ የአንዱ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ክፋቱ መግጠሙ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይገባል። እኔም ገብቶልኛል። አንድ ካርድ በሌላ ፓወር ሰፕላይ ልሞክር ብዬ፣ ከኬዙ ጀርባ በሥርዓት ያሰርኳቸውን ኬብሎች መፍታት ታከተኝና አዲሱን በአሮጌዎቹ አገናኘሁት። ማብሪያውን ስጫን አንድ «ጧ!» ብቻ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ። ካርዱ ተረፈ። 5 ቮልት የሚጠብቀው ሃርድ ዲስክ ግን 12 ቮልት ደርሶት ነበር፤ የእህቴ ፎቶዎች አብረውት ሄዱ። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ኬብል ለመፍታት የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ነበር።

ኬብል ላይ ሳለን፣ ስሎቱ፣ ማለትም ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ፣ ለካርዱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ባለ 6 ፒን ኬብል 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ይጨምራል። ሁለት 8 ፒን የሚፈልግን ከባድ ካርድ መንታ ራስ ባለው አንድ ኬብል ትመግቡና ጌሙ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ድርግም ሊል ይችላል። ሁለት ለየብቻ የሆኑ ኬብሎች ሳቡለት። የፕሮሰሰሩን 8 ፒን ደግሞ ካርዱ ላይ በጉልበት አታስገቡ፤ ያልገባው አይመለከተውም ማለት ነው።

ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈውሳል። ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፤ የስሎቱን መያዣም ሳትጫኑ አትጎትቱ።

የተበላሸ ካርድ ይድናል ብላችሁ ምድጃ ውስጥ የምትጋግሩት፣ ተዉ።

አንድ ጀማሪ ልጅ አለ፣ በጣም የምወደው። ራሙን፣ ኬብሉንና ድራይቨሩን በአንድ ምሽት ቀይሮ «ተስተካከለ!» ብሎ ይደውልልኛል። በሳምንቱ ችግሩ ሲመለስ ታዲያ የቱ አስተካክሎት እንደነበር እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ ከኬብሉ እንጀምራለን።